በሷ የተነሳ

እናቴ በረዶው ላይ ስትራመድ ያየኋት በአንድ የመጋቢት ማለዳ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወጥ ቤት ተቀምጬ ገንፎዬ እስኪበርድ በመስኮት አያለሁ። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኖ ነጭ ነው፤ ሰማዩም ነጭ ነው፤ የት ጋ እንደሚገናኙ አይታወቅም። እናቴ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች፣ የአባቴን ቦት ጫማ አጥልቃ፣ በዚያ ሁሉ ነጭ መካከል ቀስ እያለች ትሄዳለች። ከሩቅ ሲያዩዋት መሬት የምትረግጥ አትመስልም። ዓሣ አጥማጆቹ በረዶው ላይ የሚተክሏቸውን ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች ልትጎበኝ የወጣች መሰለኝ። ቀናሁባት። እጄን አውለበለብኩላት፤ አላየችኝም።

እህቴ አይሊ ፀጉሯን እያሰረች ከፎቅ ወረደች።

«እማዬ ዓሣ ልታመጣ ሄዳለች» አልኳት።

«የት?»

በማንኪያዬ ወደ መስኮቱ ጠቆምኩ።

አይሊ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጫማ አላደረገችም፤ ካፖርትም አልደረበችም። በሩን ወለል አድርጋ ትታው ሮጠች። ብርዱ ሰተት ብሎ ገብቶ ገንፎዬን በአንዴ አቀዘቀዘልኝ። ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ። እየበላሁ በመስኮት ተከታተልኳቸው፤ አንዷ እየሮጠች፣ አንዷ ዝግ እያለች። ከዚያ ተገናኙ። ተቃቅፈው ወደዚህ ወደዚያ ሲወዛወዙ የሚደንሱ መሰሉኝ።

በዚያ ሳምንት በረዶው ከሥሩ መሟሟት ጀምሮ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹም ጎጆዎቻቸውን ነቅለው ከወሰዱ አሥር ቀን አልፏቸው ነበር። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ግን አሁን በስልሳ አንድ ዓመቴም ዓይኔን ስጨፍን ጎጆዎቹ እዚያው ቆመው ይታዩኛል፤ አንዳንዶቹ ጭስ ያወጣሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሐኪም መጥቶ ሄደ። እናቴ ፎቅ ላይ መጋረጃ ዘግታ ተኛች። «ደክሟታል» አሉኝ። አባቴ ኦርቮ ካንጋስ ከብረት ማዕድኑ ወደብ ሥራ ሲመለስ ጫማውን ውጭ አውልቆ፣ እንደ ሌባ በካልሲው ይገባል። ድካም እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔ ስደክም የሚይዘኝ ረሃብ ብቻ ነው።

አይሊ ሥራ መፈለግ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሐይቆቹ ሲሞቁ፣ የየከተማው ልጆች ጫካ ውስጥ ወዳሉ ካምፖች ይሄዳሉ። የኛ ሰፈር ልጆች አይሄዱም፤ የምንሰማው በወሬ ነው። ድንኳን አለ፣ ታንኳ አለ፣ እሳት ዙሪያ ዘፈን አለ። በየጎጆው ደግሞ ልጆቹን የምትጠብቅ አንዲት ወጣት መሪ ትኖራለች። አይሊ መሆን የፈለገችው ያቺን መሪ ነው። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ተዋሰች። ሽፋኑ ላይ ሁለት ሴት ልጆች ቋጠሮ ያስራሉ። በትምህርት ቤቱ የጽሕፈት መኪና አራት ደብዳቤ ጻፈች፤ ለአራት ካምፖች።

መልስ እስኪመጣ መለማመጃዋ እኔ ሆንኩ። ክንዴ ተሰበረ፤ በትራስ ልብስ አሰረችልኝ። እባብ ነደፈኝ። ፀሐይ መታኝ። ሳሎን ውስጥ ቀዩን ምንጣፍ ሐይቅ አደረግነው፤ እኔ እሰጥማለሁ፣ እሷ ከሶፋው ላይ ትዘላለች፤ አገጬን በክንዷ ይዛ እየጎተተች እስከ ምድጃው ድረስ ታወጣኛለች።

«አትሳቂ! የሰጠመ ሰው አይስቅም።»

«እየኮረኮርሽኝ እኮ ነው!»

«እሺ፣ ሙቺ በቃ። ሙት የሚወጣው በሌላ ዘዴ ነው።»

እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እሞታለሁ። ፀጉሯ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እንዲህ በተከታታይ ብሰጥም፣ በተከታታይ ብድን፣ ዕድሜ ልኬን ሌላ ጨዋታ የማያሻኝ ይመስለኝ ነበር። የምታደርገው ሁሉ ለኔ የተፈጠረ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት መኝታ ክፍላችን ወለል ላይ ተኝቼ ነበር። እዚያ ከታች ሙቀት የሚወጣበት የብረት ወንፊት አለ፤ ጆሮዬን ከለጠፍኩበት የወጥ ቤቱ ወሬ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይወጣል። አባቴና አይሊ ድንች እየላጡ ነበር።

«አልጋ የሚገኘው ሰኔ ላይ ነው አሉኝ» አለ አባቴ።

ለእናቴ አዲስ አልጋ የታዘዘላት መሰለኝ። የድሮው ይንቋቋል፤ ተገቢ ነው ብዬ አሰብኩ።

«እሺ፤ እኔም በሰኔ ነዋ የምሄደው» አለች አይሊ።

«ገና ልጅ ነሽ እኮ። ማን ይቀጥርሻል?»

«እስክታገኝ የፈለገች ታገኛለች።»

«ዳቦ ቤቱ ሰው ይፈልጋል። እዚሁ አጠገባችን። ምን ጫካ ለጫካ...»

«ዳቦ ቤት ምን ያደርግልኛል አባዬ? በሷ የተነሳ ነው የምሄደው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አንድ ድንች ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ።

«በትንሿ?»

«በትንሿ።»

ጆሮዬን አነሳሁ። ወንፊቱ ጉንጬ ላይ ታትሞበት ነበር። በሷ የተነሳ። እኔ ነኝ እንግዲህ። ጥፋቶቼን አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርኩ። ቀለም ደፍቼባታለሁ። ሰማያዊ ጥብጣቧን ቆርጬ ለአሻንጉሊቴ ሰጥቻለሁ። ማታ ማታ እግሬን እጎኗ ውስጥ እሸጉጣለሁ፤ «የበረዶ ቁራጭ!» እያለች ትገፋኛለች። ሰው ከታናሽ እህቱ ለመሸሽ እስከ ጫካ ድረስ ሥራ የሚፈልግ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ምንጣፉ ላይ ስታድነኝ ክንዷን ነከስኳት።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?»

«የሰጠመ ሰው ይናከሳል» አልኳት። «መጽሐፉ ላይ አለ።»

«የለም።»

«አለ። ያላነበብሽው ገጽ ላይ።»

የመጀመሪያው መልስ ሚያዝያ ላይ መጣ። ዕድሜሽ አሥራ ስምንት ሲሞላ ደግመሽ ጻፊልን። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ከሁለቱ ረዘም ያለ ነበር፤ አይሊ ቆማ አንብባው፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችና እንደገና ድንች ወደ መላጥ ሄደች። እኔ ደረጃው ሥር በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ጨፈርኩ። አየችኝ። ዝም ማለቷ ከቁጣ ይበልጥ አናደደኝ።

አራተኛው ሲመጣ ግን ፖስታ ሳጥኑ ጋ የደረስኩት እኔ ነበርኩ።

ፖስታው ወፍራም ነው፤ ጥግ ላይ ሁለት የጥድ ዛፎች ተስለውበታል። ከፈትኩት። የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ነው ማንበብ የቻልኩት፤ ነገር ግን «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» የሚለው ግልጽ ነበር። ግቢያችን ጥግ ወዳለችው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን፣ ወደ ሳውናዋ፣ ገብቼ ከምድጃው ጀርባ በድንጋዮቹ መካከል ሸጎጥኩት። አንድ ድንጋይ ከላይ ጫንኩበት። ሰው የሚቀብር ሰው እንዲህ ሳይሰማው አይቀርም ብዬ አሰብኩ፤ በዚያ ዕድሜ የሚታሰበው ትልቅ ትልቁ ነው።

ቅዳሜ የሳውና ቀን ነው። ሰው ሁሉ ታጥቦ ለእሑድ የሚዘጋጅበት። አባቴ ወደቡ ላይ ተረኛ ነበር። አይሊ ከጠዋት ጀምሮ የበርች እንጨት ትሸከማለች፣ ምድጃ ታነዳለች፤ ግንባሯ ላይ ጥላሸት አለ፤ ፀጉሯን በአሮጌ ጨርቅ ጠምጥማዋለች። ሄል የገባበት ዳቦ ጋግራ ማውጣት ረስታ ሥሩ አርሯል። በዚህ መካከል ነው አንዲት አረንጓዴ መኪና፣ ጣራዋ ላይ ታንኳ እንደታሰረባት፣ በራችን ላይ የቆመችው።

የወረዱት ሴትዮ ረጅም ናቸው። የወንድ ሱሪ ለብሰዋል፤ ሽበታቸው አጭር ተቆርጧል፤ አንገታቸው እንደ አሮጌ ቦርሳ ቆዳ ነው። መርከበኛ መሰሉኝ።

«አይሊ ካንጋስን ነበር» አሉ።

አይሊ የተሸከመችውን እንጨት እንደታቀፈች «እኔ ነኝ» አለች።

«ሃልዴን እባላለሁ። የሁለት ጥድ ካምፕ። ዛሬ እንደምመጣ ጽፌልሽ ነበር። ደብዳቤዬ አልደረሰሽም እንዴ?»

አይሊ ዘወር ብላ አየችኝ። አንዴ ብቻ። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ደብዳቤው በዚያች ደቂቃ ሳውናው ውስጥ ከድንጋዩ ጋር እየተጠበሰ ነው።

«ደርሶኛል» አለች አይሊ። «ረስቼው ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እፎይ አልኩ። ጅል ናት አልኩ በልቤ። ሥራ ፈላጊ ሰው ቀጠሮ ረሳሁ ይላል? ዛሬ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳስታውስ ከተቀመጥኩበት መነሳት ያስፈልገኛል። ወር ሙሉ የጠበቀችውን ነገር፣ ለማሰብ እንኳ ጊዜ ሳትወስድ፣ ለኔ ጥፋት መሸፈኛ አደረገችው።

ወጥ ቤት ተቀመጡ። ያረረውን ዳቦ ሥሩን ቆርጣ አቀረበች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ሥር ያለን ልጅ ቶሎ ይረሳሉ።

«ዝናብ አራት ቀን ቢዘንብና ልጆቹ ጎጆ ውስጥ ቢሰለቹ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ ሚስ ሃልዴን።

«እ... ቋጠሮ አስተምራቸዋለሁ።»

«አራት ቀን ሙሉ?»

ሻይ ሲቀዳ ሰማሁ።

«ቤቷ ናፍቋት የምታለቅስ ልጅ ብትኖርስ?»

«አብሬያት እቀመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እንጃ። እስክትጨርስ ነዋ።»

«ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽው አይሊ? ደብዳቤሽ ላይ ያልሽውን አንብቤያለሁ። ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።»

ከጠረጴዛው ሥር የእህቴ ጉልበቶች ሲጋጠሙ አየሁ። «ንጹሕ አየር ለጤና ተስማሚ ስለሆነ» አለች። ከመጽሐፉ መግቢያ ላይ የተወሰደ ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሳቄን ለማፈን እጄን ነከስኩ። አለቀላት ብዬ አሰብኩ።

በዚህ ጊዜ ደረጃው ተንቋቋ። እናቴ ግማሽ መንገድ ወርዳ ቆማ ነበር፤ ነጭ የሌሊት ልብስ፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ። ከስንት ቀን በኋላ ቆማ ሳያት እንዴት አማረች! ሚስ ሃልዴንን እንደ ድሮ ጎረቤት አየቻቸው።

«ሐይቁ ተከፈተ?» አለች በለስላሳ ድምፅ።

አይሊ ተነስታለች። «ገና ነው እማዬ።»

«ተከፍቷል እኮ!» አልኩ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብዬ። ግንቦት ነበር፤ በረዶው ሟሙቶ አልቋል። በመስኮቱ ውኃው ወለል ብሎ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ አንድ መርከብም በሩቁ ያልፋል። ያወቅኩትን በማወቄ ኮርቼ ነበር።

«ገና ነው» አለች አይሊ ደግማ፣ እኔን ሳታይ። እንግዳዋን ከነጥያቄያቸው ትታ ደረጃውን ወጣች፤ የእናቴን ክንድ ያዘች፤ ቀስ እያሉ ተመለሱ። ፎቅ ላይ በር ሲዘጋ ተሰማ። ሚስ ሃልዴን ሻያቸውን ጨረሱ፤ ኩባያውን ራሳቸው አጥበው ገለበጡትና ወጡ።

ተከትያቸው ሄድኩ። ሥራዬን ልጨርስ ነው። እሳቸው የታንኳውን ገመድ እያጠበቁ ነበር።

«ሊወስዷት ነው?» አልኳቸው።

«ማንን?»

«አይሊን። አይውሰዷት። ምንም አትችልም እኮ።»

«እንዴት?»

«ምንጣፍ ላይ አምስት ጊዜ ሰጥሜባታለሁ።»

ሚስ ሃልዴን ገመዱን ተዉት። «አምስት ጊዜ?»

«ስድስት። አንዱን ግን ሆን ብዬ ነው።»

«ይሄ ከባድ ነገር ነው። ሌላስ?»

«ልጅ አትወድም። በኔ የተነሳ ነው የምትሄደው። ለአባዬ ስትነግረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ዓይናቸው ግራጫ ነው፤ በአንደኛው ውስጥ ትንሽ ቡናማ ነጥብ አለ።

«እንዲህ ብላ ነገረችው?»

«አዎ። ደግሞ እሷ ከሄደች ማን ያበስላል? አባዬ እንቁላል ሲጠብስ ጭስ ያፍነናል። ፀጉሬን ማን ያበጥርልኛል? ትምህርት ቤት የሚላከው ወረቀት ላይ ማን ይፈርምልኛል? የእማዬን ፊርማ የምትችለው እሷ ብቻ ናት።» አሁን ትንፋሼ ማጠር ጀምሮ ነበር። «እማዬ ስታለቅስ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ የምታነብላትም እሷ ናት። በሩን ገርበብ አድርጋ። አትገባም፤ እማዬ ስታለቅስ ሰው እንዲያያት አትፈልግም። ማን ያነብላታል? በሩንስ ማን ይቆልፋል? ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።»

«የትኛውን በር?»

«ወደ ሐይቁ የሚያስወጣውን ነዋ።»

ሚስ ሃልዴን ቀና አሉ። መኪናዋን፣ ቤታችንን፣ የፎቁን መጋረጃ፣ ከሳውናው የሚወጣውን ጭስ ተራ በተራ ተመለከቱ። ከዚያ በሩን ከፍተው ገቡና መስኮቱን አወረዱ።

«እህትሽን እንዲህ በያት፤ የጫማ ቁጥራችሁን ጽፋ ትላክልኝ። የሁለታችሁንም።»

«የኔን ደሞ ለምን?»

«ዳርቻችን ድንጋያማ ነው» አሉና ሄዱ።

መልእክቱን ሳደርስ አይሊ ደረጃው ጫፍ ላይ ነበረች። «የሁለታችንንም?» አለች። «የሁለታችንንም ነው ያሉት?» አዎ አልኳት። እዚያው ቁጭ ብላ ያንን ጥላሸታም ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሥራውን ስላጣች የምታለቅስ መሰለኝ። አሸነፍኩ። ግን ያሸነፈ ሰው የሚሰማው ነገር አልተሰማኝም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እስክትጨርስ።

ሚስ ሃልዴን አርጅተው ካምፑ ሲዘጋ፣ የቀጠሯቸውን ወጣቶች ሁሉ የመዘገቡባቸውን ካርዶች ለየባለቤቶቹ በፖስታ መለሱ። አይሊ የሷን ሰጥታኛለች፤ ከመነጽሬ ጋር በመሳቢያ ውስጥ አለ። በእርሳስ የተጻፈ ሦስት መስመር ነው። «አመልካቿ ስለ ራሷ መናገር አትችልም። ታናሽ እህቷ ግን ትችላለች። ሁለቱም ይምጡ።»

አራቱም የአይሊ ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ይህንንም ያወቅኩት በኋላ ነው። ደመወዙ ቢቀርብኝም ግድ የለኝም፤ ዘጠኝ ዓመት የሞላትን እህቴን ግን ይዤ ልምጣ፤ ይላሉ። ዳቦ ቤቱ ለኔ ቦታ አልነበረውም። እናቴን ወደ ሆስፒታል ለመውሰድ በሰኔ የሚመጣውን መኪና እንዳላይ፣ እናቴ በሁለት ሰው ተደግፋ ስትወጣ እንዳላይ፣ ከዚያም ባዶውን ፎቅ እንዳልኖርበት ነው አገር ያሰሰችው። በኔ የተነሳ። ቃሉን በትክክል ሰምቼው ነበር።

ትምህርት ቤት በተዘጋ በማግስቱ አባታችን ወሰደን። እናቴ በመስኮት መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርጋ ቆማ ነበር። መንገዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ጥድ፣ ጥድ፣ ጥድ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አንድ ትንሽ ሐይቅ ዳር ነን፤ ውኃው ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ጸጥ ያለ። አባቴ ሻንጣዎቹን አውርዶ ለአይሊ እጁን ዘረጋላት፤ እንደ ወንድ ጓደኛው ጨበጣት። ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

በዚያ በጋ የሆነውን በቀን በቀን መንገር አልችልም። አንድ ረጅም ቀን ነበር የሚመስለው። ጠዋት ጉም ከሐይቁ ላይ ይነሳል፤ ጉሙ ውስጥ ሉን የምትባለዋ ወፍ እንደ ሰው ትስቃለች፤ ማንም አያያትም። ታንኳው ላይ ሆነን ቀዘፋችንን ስናቆም ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ድምፁ ይሰማል። ሰውነታችን ጭስና ሙጫ ይሸታል። መዋኘት የቻልኩት አንድ ማክሰኞ ነው፤ አይሊ ሆዴን ደግፋ ይዛኝ ነበር፤ ስዞር ግን ሩቅ ቆማለች፤ ማን ይዞኝ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።

ጎጆ ሦስት ውስጥ ስምንት ልጆች ነበርን፤ መሪያችን አይሊ። «እዚህ ከስምንቱ አንዷ ነሽ እሺ?» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «እህቴ እያልሽ ብታንጠለጠይብኝ ሌሎቹ ይከፋቸዋል።» እኔም ተከፋሁ፤ ከኔ እንደምትሸሽ ማስረጃ መሰለኝ። ነገር ግን የቺካጎዋ ቤቨርሊ ቤቷ ናፍቋት ስታለቅስ አይሊ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዝም ስትል፣ ምንም ሳትመክር፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ልጅቷ ራሷ ሰልችቷት እስክትተው ስትጠብቅ፣ ያንን ዝምታ ከየት እንዳመጣችው እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ሌሎቹ ካምፕ የተማረችው መሰላቸው። አራት ቀን ሲዘንብም ቋጠሮ አላስተማረችንም። አንሶላዎቹን ሁሉ አያይዘን ድንኳን ሠርተን ድንኳኑ ውስጥ ሌላ ድንኳን ሠራን።

አባቴ በየሳምንቱ ይጽፋል። ለኔ አጭር ነው፤ እናትሽ አልጋው ተስማምቷታል፤ ዓሣ ይዣለሁ። ያንን አልጋ በሐሳቤ እያሳደግኩት ሄድኩ፤ መጋረጃ ጨመርኩለት፤ የላባ ፍራሽ ጨመርኩለት፤ መጨረሻ ላይ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍ አልጋ ሆነ። ለአይሊ የሚላከው ደብዳቤ ግን ብዙ ገጽ ነው። ሐይቁ ላይ የተዘረጋው የታንኳ ማቆሚያ ጫፍ ድረስ ብቻዋን ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ታነበዋለች። ስትመለስ ታፏጫለች።

ነሐሴ ላይ የወላጆች ቀን ሆነ። ቀትር ላይ መኪናዎች በጥዶቹ መካከል አቧራ እያስነሱ መጡ። የአባቴን መኪና አወቅኳት። እሱ ወርዶ በሌላኛው ወገን ዞረና በሩን ከፈተ፤ እናቴ ወጣች።

ፀጉሯ አጭር ተቆርጧል። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ገና አሁን ከእንቅልፏ የቀሰቀሷት ትመስላለች፤ ፀሐዩን በእጇ ትከልላለች፤ እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሮጬ ወገቧን አቀፍኩ። «አደግሽ» አለችኝ። «ዶሪን። አደግሽ።» ስሜን እንደ ሞቀ ነገር አፏ ውስጥ ትንሽ ይዛ ነው ያወጣችው።

አይሊ ከጎጆው በረንዳ ወርዳ መጣች። የካምፑን ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ ተንጠልጥሏል፤ ፀሐይ ቡናማ አድርጓታል፤ ከኋላዋ ሰባት ልጆች እንደ ዳክዬ ጫጩት ተከትለዋታል። እናቴ በትሕትና ፈገግ አለችላት።

«መሪሽ ናት?» አለችኝ።

እኔ ሳቅኩ። ቀልድ መሰለኝ፤ አይሊ እንዲህ ጠቁራ፣ ፊሽካ አንጠልጥላ፣ የምትቀለድባት ነበረች። በዚያ ዘመን የሚሰጠው ሕክምና ከሐዘኑ ጋር ትዝታንም አብሮ ይዞ እንደሚሄድ፣ የሄደውም እንደ ወፍ በየቀኑ አንድ አንድ እያለ እንደሚመለስ፣ ማን ይነግረኛል? አባቴ መሬት መሬት አየ። አይሊ ግን ፈገግታዋ አልተለወጠም።

«አዎ፤ መሪዋ ነኝ» አለች። «ጎበዝ ልጅ ናት። መዋኘት ችላለች።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለች እናቴ። አንድ እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመች። ተመልሳ አይሊን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ፤ ስም የጠፋበት ሰው እንደሚያይ። እጇን ዘርግታ የአይሊን አፍንጫ በጣቷ ጫፍ ነካች፤ በፀሐይ ተልጦ ቀልቶ ነበር።

«ኮፍያሽስ?» አለች። ድምፁ ሌላ ነበር። የድሮው፣ ቆጣ ያለው፣ የወጥ ቤቱ ድምፅ። «አፍንጫሽ እስኪላጥ! አይሊ ካንጋስ፣ በባዶ ጭንቅላትሽ ፀሐይ ላይ አትቁሚ ብዬሽ ስንት ጊዜ ነው? ማ ይሙት ልበልሽ እንዴ? ነዪ ወደዚህ፣ ጥላው ውስጥ።»

እህቴን ከመጋቢት ወዲህ የተቆጣት ሰው አልነበረም። እዚያው ጥዱ ሥር፣ እናቴ ስትቀመጥ አብራ ተቀመጠች፤ ፊቷን ቢጫው ቀሚስ ውስጥ ቀበረች፤ ከነፊሽካዋ፣ ከነነጭ ሸሚዟ እንደ ትንሽ ልጅ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እናቴ ያቺን የምትንቀጠቀጥ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ከፀሐይ ጋረደችላት።

እኔ አፈርኩ። መሪ ልጆች ፊት አያለቅስም። ይህ እንዳይሆን የሚል ደንብ ያለ መሰለኝ፤ ሚስ ሃልዴን ቢያዩ ያባርሯታል። ሰባቱ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ቤቨርሊ ራሷ ልታለቅስ ከንፈሯ እየተጣመመ ነው። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ እጄን አጨበጨብኩ።

«ጎጆ ሦስት! ብሉቤሪ ለቀማ! ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተሰለፉ!»

«ማን አለ?» አለች ቤቨርሊ።

«እኔ አልኩ። ዞር በይ፤ እጇን ያዣት።»

ሄድን። ዳርቻውን ይዘን፣ ትልቁን ድንጋይ ዞረን፣ ፍሬው ወደ በዛበት ገላጣ ቦታ። ኮፍያዎቻችንን ሞላን፤ ጥርሳችን ሰማያዊ ሆነ። አንዷ ጣቷ ተቧጨረ፤ በካልሲዬ አሰርኩላት። ዘፈን ጀመርኩ፤ ሦስተኛውን ስንኝ ስለማላውቀው ሁለተኛውን ደጋግመን ዘፈንን። አንዳንዴ ነፋሱ ሲዞር ከጥዶቹ ጀርባ የእናቴ ድምፅ ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም፤ ልጆቹ እንዳይሰሙት ጮክ አድርጌ አዘፍናቸዋለሁ።

አይሊ እስክትጠራን ድረስ እንዳንመለስ ወሰንኩ። እሷም ቶሎ አልጠራችንም።